ከዝርዝሩ አናት የተቀመጡት ሟች አለቃ

የመዝገብ ቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ባልደረቦቹ ከጀርባው «ኖር በሉ» ይሉታል። በአንድ ቀን የሚበልጠው ሰው ቢገባ እንኳ ከወንበሩ ብድግ ይላልና። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ አሁን አሁን የሚነሣለት ሰው እያጣ መሄዱ ሆዱን ያባባዋል።

ሰኞ ዕለት ዋናው ኮምፒውተር በአዲስ ተተካ። ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉባቸው፣ ላይብረሪ የሚባሉ ፋይሎች አሉ። ኮምፒውተሩ የት የት ገብቶ እንደሚፈልጋቸው በዝርዝር ይጻፍለታል፤ ከላይ ጀምሮ ፎልደር በፎልደር ይወርድና መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይሠራል። የየክፍሉ ፎልደር ለየብቻ ነው። ታዲያ ማን ይቅደም? ኖር በሉ ሌላ ሚዛን አያውቅም፤ በክፍል ኃላፊዎቹ ዕድሜ ደረደራቸው። አናቱ ላይ የሞት ምዝገባ ክፍል ተቀመጠ። የክፍሉ ኃላፊ ሥራውን ያስተማሩት አለቃው ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም በቦታቸው ሰው አልተመደበም። ሞቱ ብሎ ማውረድ ነውር መሰለው።

ማክሰኞ ጠዋት አማቱ መጡ። በማግስቱ የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ነው። ሆስፒታሉ በሕይወት ስለመኖራቸው በዋዜማው የተሰጠ ማስረጃ ካላየ ተራቸውን ለሌላ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ተራ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

የነዋሪዎች ክፍል ኃላፊዋ፣ ቀልጣፋ ወጣት፣ አተመችላቸው። ወረቀቱ «ሟች» ይላል። ደገመችው። አሁንም «ሟች»።

«ምን ይላል ልጄ? እኔ እንደሁ አይታየኝም» አሉ አማትየው።

«ሞተዋል ይላል፣ እማማ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ኧረ ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት!»

ኖር በሉ ተጠርቶ መጣ፤ የኃላፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት እንደነካካ ነገሩ ገባው። ሁለቱም ክፍሎች ማስረጃ የሚያትሙበት፣ በአንድ ስም የሚጠራ ላይብረሪ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ከአናት ያገኘውን የሞት ክፍሉን እየያዘ ይመጣል።

«ታዲያ ያውርዱታ!» አለች ኃላፊዋ።

«አለቃዬን?»

«ፎልደሩን!»

«ያው ነው።»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። አክብሮት ልክ ሲያጣ የሕያዋንን ቦታ ይቀማ ይሆን? ይህን ጥያቄ በዚህ ዕድሜው ከኮምፒውተር ፊት አገኛለሁ ብሎ አላሰበም። ቀና ሲል አማቱ ግድግዳ እየዳበሱ መቀመጫ ይፈልጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ወንበር አንዲት ናት፤ እሷም እሱ ሥር።

ብድግ ብሎ አስቀመጣቸው። እንደቆመ «ይቅር ይበሉኝ፣ አለቃዬ» እያለ ሟቹን ወደ መጨረሻው መስመር አወረዳቸው፤ ኮምፒውተሩም ዝርዝሩን እንደገና እንዲያነብ አዘዘው። አታሚው «በሕይወት ያሉ» የሚል ወረቀት ተፋ። አማትየው ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ፤ በማግስቱም ተራቸው አላለፈም።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን የወንድሙን የሞት ማስረጃ የወሰደ አንድ ጎልማሳ ከሞት ምዝገባ ክፍል ወደ ኖር በሉ መጣ። ወረቀቱ «በሕይወት ያሉ» ይላል።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ ኖር በሉ። «ለሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸውን ዝርዝር ልጽፍላቸው ይገባ ነበር። አሁኑኑ ይታረማል። እሱን ወዲህ ይስጡኝ።»

ሰውየው ወረቀቱን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ትክክለኛውን እወስዳለሁ፤ ግድ ነው። ይቺን ግን አይቀሙኝ።»