መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ፎቶ

«የኔ ፎቶ የት ገባ?» አሉ የንባብ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሼ መኮንን፣ ዛሬ አዲሱን ድረ ገጻችንን ሲያዩ።

አሮጌው ሲከፈት የሚቀድመው የእሳቸው ፎቶና ረጅሙ «ራዕይና ተልዕኮ» ነበር። (እኔም አንብቤ ጨርሼው አላውቅም።) አንድም ሰው ጽፎልን አያውቅም።

«ጋሼ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ለመጣ እንግዳ መጀመሪያ ውሃ ነው የሚሰጠው። ፎቶዎን ከውሃው በኋላ ያየዋል» አልኳቸው። ሳቁ።

አዲሱ መግቢያ ላይ ያስቀመጥነው «ምን እንርዳዎት?» የሚል ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአሊዩ አምባ አንዲት ልጅ ጻፈች፤ «እናቴ ፊደል መማር ትፈልጋለች። አልረፈደባትም?»

«እኔ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ነው ብቻዬን ፊደል የለየሁት። እሷ ግን እኛ አለንላት፤ ይዘሻት ነዪ» ብዬ መለስኩላት።

እናንተስ ቤት በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ማን አለ? ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።