እትዬ ስብርባሪና የእርሳሱ ምርመራ

የሰፈሩ ሰው እትዬ ስብርባሪ ይላታል፤ ጥፍር የምታክል ባለ ቀለም መስታወት እንኳ ስለማትጥል ነው። ወለሉ ላይ ስብርባሪ ስለማይጠፋ፣ ቤቷ የገባ እንግዳ ጫማህን አውልቅ ተብሎ አያውቅም።

ሥራዋ ባለ ቀለም መስታወት እየገጣጠሙ አባዡር፣ ማለትም የመብራት ሽፋን፣ መሥራት ነው። ያስተማሯት አባቷ ሲሆኑ፣ እሳቸው ደግሞ ሙያውን የቀሰሙት የጸሎት ቤት መስኮት ከሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው መስታወቱን የሚያያይዙት እርሳስ ከሚባለው ለስላሳ ብረት በተሠራ ወፍራም ዘንግ ስለነበር ሥራቸው ለመስኮት እንጂ ለመብራት አይመችም ነበር። አባቷ ግን የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በስስ የመዳብ ጥብጣብ መጠቅለል ስለለመዱ፣ ጎበጥ ያለ ቅርጽ፣ ቅጠልና አበባ ማውጣት ቻሉ። መዳቡ ላይ እየቀለጠ ቁራጮቹን የሚያያይዘው የብየዳ ሽቦ ግን ያው እርሳስ የተቀላቀለበት ነው።

እሷ መስታወቱን ባለ አልማዝ ጫፍ መቁረጫ ትቆርጣለች፤ ልጇ ትበይዳለች። የልጅቷ እጅ የረጋ ነው፤ የምታወጣው መስመር ክር ይመስላል።

ልጅቷ የአራት ወር እርጉዝ ሆና ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ነርሷ ሥራዋን ጠየቀቻት። መልሱን ስትሰማ መጻፏን አቆመች። እርሳስ ፅንስን ስለሚጎዳ በደሟ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ይታይ፣ እናቷም ትመርመር አለች። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ይፈጃል ተባሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው የነርሷን ቃል ስታብሰለስል ከረመች። ነርሷ ከጭሱ ይልቅ በእጅ ወደ አፍ የሚገባው አቧራ እንደሚብስ ነግራቸዋለች። እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ምሳዋን የበላችው እዚያው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እጇን በሽርጧ ጠረግ አድርጋ። ይህችኑ ልጅ ገና ስትድህ ያጫወተቻትም ሽቦው በሚጠቀለልበት ባዶ ማጠንጠኛ ነበር። አፏ ውስጥ ትከተው እንደነበር አሁን ትዝ አላት።

የሥራ ክፍሉን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማ ወለወለች፤ ልጇንም ከበሩ እንዳታልፍ ከለከለቻት። የተጀመረው ባለ ወይን ዘለላ አባዡር በሚገጣጠምበት የእንጨት ቅርጽ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያዘዘው የሆቴል ባለቤት ሲደውል አሞኛል አለችው። ልጅቷ ራሴን አመመኝ ካለች እናትየው እህል አይወርድላትም፤ ዝም ካለችም እንዲሁ።

በስምንተኛው ቀን ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ለምንድነው የማታናግሪኝ?»

«ምን ብዬ? እዚህ ሥራ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ።»

«ማን አስገደደኝ? ትምህርቴን ትቼ የመጣሁት ወድጄ ነው።»

«አውቃለሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

በአሥረኛው ቀን ተያይዘው ሄዱ። ነርሷ የልጅቷን አስቀደመች፤ እርሳስ ተገኝቷል፣ መጠኑ ግን ዝቅተኛ ነው። ወልዳ ጡት እስክታስጥል ብየዳ የሚባል እንዳትነካ፣ በየጊዜውም እንድትመረመር አዘዘቻት። የእናትየው ከልጅቷ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ስብርባሪ ግን የልጇ ማነሱ በቃት።

«የኔስ ይሁን» አለች።

«ይሁን አይባልም፣ እናቴ» አለቻት ነርሷ። «በእጅዎና በልብስዎ አቧራውን ይዘው ሕፃኑን የሚያቅፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ይህን አላሰበችውም ነበር።

ሦስት ወር ሥራ አቆመች። የወይን ዘለላውን አባዡር ከቀሩት ቁርጥራጮች ጋር ለሌላ ባለሙያ አስረከበች። ስትመለስ እርሳስ የሌለበት ሽቦ ገዛች፤ ቶሎ የማይቀልጥ፣ እልኸኛ ነገር ነው፤ ብየዳውም አሁን በእሷ ላይ ወድቋልና፣ የመጀመሪያው መስመሯ የጀማሪ ሥራ መሰለ። ልጇ ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ሆና፣ የመበየጃውን ብረት ቀስ አድርገሽ ጎትቺው እያለች ታስተምራት ጀመር።

ሕፃኗ ቀኗን ጠብቃ ተወለደች። በተወለደች በስድስተኛው ወር ደሟ ታይቶ ደህና ነው ተባለ። አያትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበች፤ ቀጥላም የሚቀጥለው ምርመራ መቼ እንደሆነ ጠየቀች።