በባና የተጠቀለለው ማዘርቦርድ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ገብስ የማርስ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው። ሁለተኛዋ የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰችና ሞላሌ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ የጽሕፈት ሥራ ጀመረች። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ በጎቹ የእሷ ናቸው። አራተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ከጓሳ አፋፍ የሚኖር፣ እጁ የማይሰስት ሰው። አምስተኛው መርካቶ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነው፤ እሱን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ሁሉም በሕይወት አሉ፤ የሰው ስም ደግሞ ለምስጋና ካልሆነ ባይነሳ ይሻላል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛውን ሽፋኑ ከወለቀ የሬዲዮ ጥገና መጽሐፍ፣ በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ ቃል በቃል ለቀምኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ አስተማሪ ኖሮት ስለማያውቅ «ተሳስተሃል» መባልን አይለምድም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያን ጊዜ ሞላሌ መብራት ነበረው ማለት ይቻላል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ነው። የልጄን ኮምፒውተር የገደለው ይኸው መንገዳገድ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ ሳያት ሣጥኑን ከፍታ ተቀምጣለች። ውስጥ ካለው ሰፊ ሰሌዳ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል የተደረደሩ ነገሮች አሉ፤ የሦስቱ አናት አብጦ ተሰንጥቋል።

«ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አለችኝ። «የሞተው ማዘርቦርዱ ነው።»

ማዘርቦርድ የሚሉት ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። እሱ ከሌለ ሌላው ዕቃ ሁሉ ደህና ሆኖም ምንም አይሠራም።

ጊዜው ጥር ነበር፤ የመንፈቅ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለት ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀታቸውን እንድትጽፍላቸው ሰጥተዋታል። በጊዜው ካደረሰች ዓመቱን ሙሉ ደንበኞቿ ይሆናሉ፤ ካላደረሰች ወደ መሐል ሜዳ ወስደው ያሠሩታል፣ ከዚያም ወዲያ አይመለሱም። ልጄ ከመጀመሪያውም ቁርጡን ነግራናለች፤ ሱቁ ከቆመ እዚሁ ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ካልቆመ ደብረ ብርሃን ወርዳ ለሰው ትቀጠራለች። እኔ ደግሞ ከልጆቼ አጠገቤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ባለቤቴ ሁለት በጎች ሸጠች። ወንድሟ አራት መቶ ብር ይዞ መጣ። እንዴት እንደምንመልስለት ልንነግረው ስንጀምር አቋረጠን።

«ካገኛችሁ መልሱ። ካጣችሁም በሰርጓ ጠላ እጠጣበታለሁ።»

«ጠላውን እንደሆነ አስቀድመህ ጨርሰኸዋል» አለችው ልጄ።

እኔና እሷ አዲስ አበባ ወረድን። የመርካቶው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ሰው ከሰው ትከሻ እየተሻሸ ይቆማል። ወጣቱ የእኛን አሮጌ ሰሌዳ አገላብጦ አየና ለኪሳችን ይሆናሉ ያላቸውን ሦስት ሰሌዳዎች ከመስታወቱ ላይ ደረደረልን። እኔ አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባውን አየሁ፣ በአውራ ጣቴ ጠርዙን ጫን ጫን አደረግሁት።

«ፋዘር፣ በግ መሰለዎት እንዴ? ላት የለውም እኮ!» አለኝ ወጣቱ።

«ላት ባይኖረው ጀርባ አለው። ጀርባው ካልታየ አይገዛም።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ሰሌዳዎቹን ትመረምር ነበር።

የመጀመሪያው ሰፊ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ዋጋው ከሁሉ ያንሳል። ሚሞሪ የሚሰካበት አራት ቦታ አለው፤ ከታች ደግሞ ሌላ ሌላ ካርድ የሚሰካባቸው ረጃጅም መሰኪያዎች ተደርድረዋል። እኔ ይህን ወደድኩት። ብዙ መሰኪያ ማለት እንደ ሰፊ ማሳ ነው፤ ዛሬ ባይታረስ ነገ ይታረሳል ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው አዲስና ፈጣን ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፤ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ሁለቱን ገጽ ቢዘረጉት ያህላታል። የሚሞሪ ቦታዋ ሁለት ብቻ ነው።

«ሰፊውን እንውሰድ» አልኩ።

«አባባ፣ ሰፊው ሰሌዳ ስክሪን የሚሰካበት የለውም። ለዚያ ብቻ ሌላ ካርድ መግዛት አለብን። ካርዱ ሲጨመር ከትንሿ በላይ ያወጣል።»

«መሰኪያው ግን ብዙ ነው። ነገ ቢያስፈልግሽስ?»

«ነገ ምን ልሰካበት? የእኔ ሥራ ጽሑፍ ነው፤ ጽፌ አትማለሁ።»

ወጣቱ በዚህ መሐል ውዱን ሰሌዳ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «እህቴ፣ ይቺን ውሰጂ። ሞላሌ ድረስ በሩጫ ነው የምትደርሰው።»

«የእኔን ሚሞሪ አትቀበልም» አለችው። «አሮጌው ፕሪንተሬ የሚሰካበትም የላትም።»

«ታዲያ አዲስ ፕሪንተር ግዢያ! ዩኤስቢ ነው አሁን ዘመኑ።»

«አንተ ትገዛልኛለህ?»

«ካገባሽኝ እገዛልሻለሁ።»

«አባቴ እዚህ ቆመዋል» አለችው ቀና ሳትል፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት።

ከዚያ ትንሿን አንስታ በጣቷ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ስክሪኑ የሚሰካው ከራሷ ላይ ነው፤ ካርድ አያስፈልጋትም። ድምፁም፣ የኔትወርኩም መስመር ከራሷ ነው። አሮጌውን ፕሮሰሰራችንን ትቀበላለች፤ አሮጌውን ሚሞሪ ትቀበላለች። ዲስካችን የሚገናኝበት የሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ መሰኪያም አላት። አሮጌው ፕሪንተራችን የሚፈልገው ያ ሐምራዊ ሰፊ መሰኪያ ከጎኗ አለ። አዲስ ናት፤ በዚያ ላይ ዋስትና አላት።

ያን ጊዜ ጎበዝ ልላት ይገባኝ ነበር። አላልኩም። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይባልጋል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ያልኳት «በይ ዋጋውን ተከራከሪ» ብቻ ነው። ተከራክራ በስምንት መቶ ሃምሳ አስጨረሰች።

ወጣቱ ሰሌዳዋን እንደነበረች ከግራጫ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ሰጠን። «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አልሠራም ካለ አምጡ፤ እለውጣለሁ። ግን እስክትገጥሙት ድረስ ከላስቲኩ እንዳታወጡት፤ በእጅም በልብስም አትነካኩት» አለ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ነገ ላለመለወጥ ከዛሬው ሰበብ ያዘጋጃል ብዬ ናቅሁት።

በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስን። ጣርማበርን አልፈን ወደ መንዝ መንገድ ስንታጠፍ ቅዝቃዜው ጠና። የአጠገባችን መስኮት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ ነፋሱ በካርቶኑ ጎን ይገባል። የጥር ብርድ ደረቅ ነው፤ ቆዳ ይሰነጥቃል፣ አቧራው ከንፈር ላይ ይደርቃል። ሰሌዳዋ ከጉልበቴ ላይ ነበረች፤ ላስቲኩን ስዳብሰው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

እኛ አገር ዘር ገብስ ላስቲክ ውስጥ አይቀመጥም። ላስቲክ በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ሲሞቅ ያልበዋል፤ ዘሩ ይሻግታል። ሱፍ ግን ይተነፍሳል፤ ብርዱንም ንዝረቱንም ይችላል። ገና የተወለደ ግልገል እንኳን ውርጭ ሲወርድ ከበጎቻችን ጠጉር በሚሸመነው ወፍራም ባና ነው የሚጠቀለለው። ስለዚህ ከትከሻዬ ላይ ባናዬን አወረድኩና ሰሌዳዋን ከላስቲኩ መዘዝኳት።

«አባባ፣ አያውጧት! ልጁ ምን አለ?»

«ልጁ የመርካቶ ልጅ ነው። ውርጭ በምን ያውቃል?»

«እኛም ስንማር እንደዚያው ነው የተነገረን…»

«ዝም በይ! ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ከብርድ ሳድን የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰው ዞሮ አየን። ልጅ አባቱን እንዲሰማ እንጂ እንዲመልስለት አላሳደግኩም፤ እንዳሳደግኳት ሆነች። እኔም አቧራ ያየሁ መስሎኝ ሰሌዳዋን በባናው ጫፍ ጥርግ ጥርግ አድርጌ፣ ደጋግሜ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ከኋላችን የተቀመጠ ገበሬ «ጌታው፣ ክርስትናው መቼ ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሞላሌ ደርሰን ልጄ ገጠመቻት። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሚሞሪውን ነቅላ ከሌላው ቦታ ሰካችው። ገመዱን ሁሉ እየነቀለች መለሰች። የጎረቤት ስክሪን ተውሳ ሞከረች። ምንም የለም።

«አባባ» አለችኝ በመጨረሻ፤ «በደረቅ ብርድ ባና ሲገፈፍ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ያውቁታል አይደል?»

«አውቀዋለሁ።»

«እሱ ነው።»

ሌላ ነገር አልጨመረችም። የመንዝ ሰው ሆኖ ያንን ብልጭታ የማያውቅ የለም፤ በልጅነታችን ባናውን ከላያችን እየገፈፍን፣ ጠጥ ጠጥ ሲል እየሰማን እንስቅ ነበር። ሳውቀው ኖሬ ከኤሌክትሪክ ጋር ዘመድ መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበኝም። ለእውነት ስል ልጨምር፤ ሰሌዳዋን የገደላት ባናው መሆኑን በመሣሪያ ለክቶ ያረጋገጠልኝ የለም። ከፋብሪካው ሞታ ወጥታ ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን ከልጄ ቃል በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ማመልከቻ ጽፌ ያጠራቀምኩትን ይዘን እንደገና አዲስ አበባ ወረድን። ወጣቱ ሰሌዳዋን ሞከራትና ራሱን ነቀነቀ።

«ከላስቲኩ አውጥታችኋት ነበር?»

«አላወጣናትም» አለች ልጄ። «ስገጥማት ነው ያወጣኋት።»

ወጣቱ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ሌላ ሰሌዳ፣ ያችኑ ዓይነት፣ ከነላስቲኳ ያዘ።

«ልጄ ዋሽታሃለች» አልኩት።

እጁ እዚያው ቆመ።

«አውቶቡስ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። በሱፍ ጠቅልዬ ነው የወሰድኳት። ልጅቷ እንዳላወጣ ነግራኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «በውሸት የተገኘ ዕቃ ቤቴ አይገባም! እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?» አልኳት።

ልጄ መሬት መሬት ታያለች፤ አንገቷ ሥር ቀልቷል።

«ፋዘር» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ፤ «ልለውጥልዎት እኮ ነበር። ምንም ባይሉ ምን ነበረበት? አሁን ይኼ ሁሉ ሰው ከሰማ በኋላ ለሱቁ ባለቤት ምን እላለሁ?» ሰሌዳዋን ወደ መደርደሪያው መለሳት። ግማሹን ብንከፍል ሌላ እንደሚሰጠን ነገረን፤ ቸርነት ነበር። በእጃችን ግን የነበረው የመመለሻው ብቻ ነው።

ቤት ገብተን ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ዳቦ እየቆረሰች አዳመጠችኝና «እውነት መናገርህ ደግ ነው» አለች። «ልጅቱ ግን የዋሸችው ለራሷ ነው? ያንተን ጥፋት ልትሸፍን አይደል? አንተ ሰውዬ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብለህ ማቆም አቅቶህ ነው?»

አቅቶኝ ነው። እውነት በመናገሬ ዛሬም አልጸጸትም፤ ያ ቀን ቢመለስ አሁንም ወጣቱን አላታልለውም። የምጸጸተው እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሲበቃኝ፣ ሌላ ጨምሬ ልጄን በሰው ፊት ስለገረፍኩበት ነው። የራሴን ጥፋት በእሷ ጥፋት ልሸፍን ፈልጌ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጽድቅ መስሎ ተሰምቶኛል። ቁጡ ሰው ከዚህ ይጠንቀቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አውቶቡሱ ላይ ዝም በይ ባልላት ኖሮ የምትዋሽበትም፣ እኔ እውነት የምናገርበትም ነገር አይኖርም ነበር።

መምህራኑ የፈተናውን ወረቀት ወደ መሐል ሜዳ ወሰዱት። በኋላም አልተመለሱም፤ አልፈርድባቸውም። ልጄ ክፍሉን ለባለቤቱ አስረክባ፣ የቀሩትን ዕቃዎች በጆንያ አሥራ ከእኛ ጎተራ ጥግ አስቀመጠችና ደብረ ብርሃን ወረደች። እዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ ትጽፋለች። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ጉልበቴን ትስማለች፣ ስኳርና ሳሙና ታመጣልናለች፤ የቀረብኝ አክብሮት የለም። ከዓመታት በኋላ የራሷን ኮምፒውተር መግዛቷን የሰማሁት ከአጎቷ ነው። እሱን አማክራዋለች፤ እሱ እንኳን ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ከበጎቹ አይበልጥም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከባለቤቴ ሁለት በጎች የተገኘው ስድስት መቶ ሃያ ብር ነበር። ወንድሟ አራት መቶ ሰጥቶናል፤ ልመልስለት ሦስት ጊዜ ብሄድም አልቀበልም ብሎኛል። በዚህ ገንዘብ ሰሌዳዋ ተገዛች፤ የተረፈው ለመጀመሪያው መንገድና ለማደሪያ አለቀ። ለሁለተኛው ጉዞ እኔ አንድ መቶ ሰማንያ አምስት ብር አወጣሁ። ልጄ ለክፍሉ አስቀድማ የከፈለችው የሦስት ወር ኪራይ፣ ሦስት መቶ ብር፣ ቀልጦ ቀረ። ነጋዴው አልከሰረም፤ ሊከስርም አይገባውም ነበር። የሁላችንም ኪሳራ ሲደመር አንድ ሺህ አምስት መቶ አምስት ብር ነው።