እጁን ያወጣው ጉማሬ

ኦጉቱ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንለት ሰው ነበር። ዱንጋ በተባለው የሐይቅ ዳርቻ ዓሣ አስግሯል። አጎቱን ጉማሬ ከጀልባ ጥሎ ከገደለው በኋላ መረቡን ትቶ ግንብ ቀባ፣ ለሠርግ ድንኳን ተከለ፣ ሞተር ብስክሌት ነዳ፤ አንዱም ዓመት አልሞላለትም። በአርባ አንድ ዓመቱ፣ የሐይቁ ከተማ ኪሱሙ የአህጉሩን የወጣቶች እግር ኳስ ዋንጫ ልታስተናግድ ሽር ጉድ ስትል፣ ከነፍሱ የሚስማማ ሥራ አገኘ። ጉማሬ ሆነ።

ጉማሬው የውድድሩ ማስኮት፣ ሰው ለብሶት የሚዞር የመለያ አሻንጉሊት ነበር። ሰማያዊ፣ ቦርጫም፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ የሚስቅ። ለባሹ ውጭውን የሚያየው በዚያ አፍ፣ ከጥርሶቹ ኋላ በተወጠረ ጥቁር ወንፊት ጨርቅ በኩል ነው። የአዘጋጅ ኮሚቴዋ ማዳም ምቡላ ከናይሮቢ እንደመጣች አንድ ሕግ ነገረችው፦

«ጉማሬው አይናገርም። ድምፅህ የተሰማ ዕለት ልብሱን ታወልቃለህ።»

ዝምታው አልከበደውም። ሰው ፊትህን ሳያይ ሲወድህ ከራስህ ትንሽ ዕረፍት ታገኛለህ። ልጆች እየሮጡ ሆዱ ላይ ሲለጠፉ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ በላብ ተጠምቆ ብቻውን ይስቅ ነበር።

መክፈቻው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይህ ዕረፍት ተወሰደበት። የስድስት ዓመት ልጁ አኪኒ፣ እናቷ ዱንጋ ላይ ኦሜና የሚሉትን ትንንሽ ዓሣ ስታሰጣ አጠገቧ ስትጫወት፣ ከሸምበቆው መካከል እውነተኛው ጉማሬ አፉን ሲከፍት አየች። እጇን እያውለበለበች ወደ ውኃው ገባች። ጉልበቷ ድረስ ገብታ ነበር፣ መረብ የሚጠግን ሰውዬ ደርሶ በብብቷ አንጠልጥሎ ሲያወጣት።

«አባዬ፣ ሳቀልኝ እኮ!» አለችው ቤት ስትገባ። «ልክ እንደ አንተ!»

ጉማሬ አይስቅም። አፉን የሚከፍተው «አትጠጋኝ» ሲል ነው፤ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ናይሮቢ ተቀምጦ የሳለው ሰው አላወቀ ይሆናል። ኦጉቱ ግን እያወቀ ለበሰው። ለማዳም ምቡላ ነገራት።

«ታዲያ አፉን ገጥሞ ሊስቅ ነው?» አለችው። «ቲሸርቱ ታትሟል እኮ፣ ኦጉቱ።»

ቅዳሜ ጠዋት በከተማው ሲያዞሩት ከገበያው ጎን ወዳለው ማንጎ ዛፍ ደረሱ። ዛፉ ሥር የሥራ ፈቱም የባለ ሥራውም ፓርላማ በየቀኑ ይሰበሰባል። አፈ ጉባኤው ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ሙዜ ኦሎ ናቸው፤ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብሩት በጫማ መዶሻቸው ነው። የዕለቱ አጀንዳ ማስኮቱ ነበር።

«ክቡር አፈ ጉባኤ!» ይላል ኦክዊሪ የተባለ ሞተረኛ። «ስፔኖች ለዓለም ዋንጫቸው ብርቱካን አቀረቡ፣ ሜክሲኮዎች ባለ ባርኔጣ ቃሪያ። ሰው ሳቀባቸው፤ ግን ቢያንስ ይበላል! ይሄ ምኑ ይበላል?»

«ጀርመኖችስ?» አለች ዓሣ ጠባሿ የአኮኮ እናት። «አንበሳውን ማሊያ አልብሰው ሱሪ ነፍገውት የለ? የእኛ እንኳን ጨዋ ነው፣ ሱሪውን ታጥቋል።»

«አንቺ ደግሞ ዓይንሽ እዚያ ነው የሚያርፈው!» አላት ኦክዊሪ።

«የአንተ ሱሪ ተቀዶ ነው ነገሩ ያስታወሰኝ።»

ሳቁ ገበያውን አናጋው። ሙዜ ኦሎ በመዶሻቸው ሣጥኑን መቱ።

«ሥርዓት! ተከሳሹ ራሱ መጥቷል። በዚህ ምክር ቤት ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም። የሚለው ካለው እጁን ያውጣ።»

ቀልዳቸውን ነበር። ማዳም ምቡላም ስልኳን ደግና እየሳቀች ትቀርፅ ነበር። ኦጉቱ ግን ወፍራሙን ሰማያዊ እጁን አወጣ።

«ለጉማሬው ሁለት ደቂቃ ተፈቅዷል!»

ሰው ሁሉ ይጨፍራል ብሎ ጠበቀ። ከሆዱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጉማሬ አይስቅም። እናንተ ስለ ሱሪዬ ታወራላችሁ። ልጄ ማክሰኞ ዕለት ይህን አፍ አምና ውኃ ገባች። ያስገባኋት እኔ ነኝ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አፉን አይቶታል፤ ‹ይዘጋ› ያለ ግን የለም። እኔም ልጄ ውኃ እስክትገባ አላልኩም።»

የአኮኮ እናት ቀስ ብላ «የዱንጋው ኦጉቱ ነው እኮ» አለች። ማዳም ምቡላ ስልኳን አጠፋች።

«በቃ» አለችው፣ ያለ ቁጣ። «አውልቀው።»

ፓርላማው አፉ ይዘጋ ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ደብዳቤም ጻፈ። ኮሚቴው ተቀብሎ አመሰገነ፣ ሐይቁ ዳር ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተከለ፣ አፉን ግን እንደ ነበር ተወው። ከሥራ የተባረረው ኦጉቱ በየማለዳው አኪኒን ዱንጋ እየወሰደ፣ ከሩቅ ሆነው ሸምበቆውን ያሳያት ጀመር። «አሁን ምን እያለ ነው?» ይላታል። «ሂዱ እያለ ነው» ትላለች።

በመክፈቻው ቀን ስታዲየም ይዟት ገባ። ሌላ ሰው የለበሰው ጉማሬ ሜዳውን እየዞረ ወደ እነሱ መቀመጫ ቀረበ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ። ልጆች ሁሉ ወደ አጥሩ ግልብጥ ብለው ወረዱ። አኪኒ ብቻ ጮኻ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች፣ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጠች።

«ምን ዓይነት ፈሪ ልጅ ናት!» ብለው ሳቁ ከኋላ የቀሩት ተመልካቾች።

ኦጉቱ ጫፍ ላይ ደረሰባት፣ አቀፋት። ልቧ ደረቱ ላይ ይደልቃል። የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ደስ አላለውም። ሌሎቹ ልጆች ታች የጉማሬው ሆድ ላይ ተለጥፈው ይንጫጫሉ።

«አባዬ፣ ውስጡ ያለው ሰውዬ አያውቅም?»

ኦጉቱ ቁልቁል ተመለከተ። ለባሹም የሐይቁ ልጅ ነው።

«ያውቃል» አላት።

ጨዋታው ተጀምሮ ሁሉም ሲቀመጥ፣ እሱ ልጁን እንደታቀፈ፣ ዓይኑን ከዚያ ክፍት አፍ ሳያነሳ፣ ጫፉ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር።