የግራ ቋጠሮ

በደሴቲቱ ላይ የሰይጣን ስም አይጠራም። መቅዘፊያ ከጠፋ «እነዚያ ወሰዱት» ይባላል። ዓሣ ከመረብ ካመለጠ «እነዚያ ቀደሙን»። ሰው ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ቢያድር እንኳ «እነዚያ መንገድ አሳቱት»። በደሴቲቱ የእነዚያን ያህል ሥራ የሚበዛበት ፍጡር አልነበረም።

መረብ ጠጋኟ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። የምትሠራው በግራ እጇ ነው። በልጅነቷ እናቷ እጇን በማማሰያ ስትመታት አባቷ «ተያት፤ ዓሣ እንደሁ በየትኛው እጅ ቋጠራችሁ ብሎ አይጠይቅ» ብሎ አስጣላት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ጠገነች። ቋጠሮዋ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሌላ ሰው ሊፈታው ሲታገል ይባስ ይጠብቅበታል። «ግራ ቋጠሮ» የሚለውን ስም ዓሣ አጥማጆቹ ያወጡላት ለሙገሳ ነበር።

አንድ ቀን የልጇ ባል መሃሉ የተበላ የጀልባ ገመድ አመጣላት፤ ቆርጣ ቀጠለችለት። በማግስቱ ሌሊት ንፋስ ተነሣና ጀልባዋ ከምሰሶው አምልጣ ድንጋይ ላይ ተፈረካከሰች። ጠዋት መረብ ልታጥብ የወረደችው ግራ ቋጠሮ ገመዱን ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። የእሷ ቅጥያ ንቅንቅ አላለም። የላላው ጫፉ ላይ ያለው ነው፤ ጀልባዋን ያሰረው፣ ወደ ቀኝ የዞረው፣ በጥድፊያ የታሰረው የልጇ ባል ቋጠሮ። ገመዱን ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

እሱ ግን ቀድሟት ነበር። «እነዚያ ፈቱት» ብሏል። ገመዱን ማን ነካው ሲሉት መሬት መሬት እያየ «የሚስቴ እናት» አለ። ሌላ መጨመር አላስፈለገውም፤ በደሴቲቱ ግራ እጅ የእነዚያ እጅ ነው ይባላል።

ልጇ እያለከለከች መጣች።

«እማዬ፣ ገመዱ አንቺ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«አታሳዪያቸው። የራሱ ቋጠሮ መሆኑ ከታወቀ ማን ጀልባው ላይ ያወጣዋል? ልጄን ምን ላብላት?»

«እኔንስ ምን ይሉኛል?»

«ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ ይተዉታል። ወሬ አይደል።»

ግራ ቋጠሮ ገመዱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ወሬው ግን አልተዋትም። ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ብቻዋን ብትሄድም «እነዚያ መጡ» ይባባላሉ። እንደ እሷ የሚጠግን ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በአጥሯ ላይ ወርውረው ይሮጣሉ፣ ሲመለሱ ተጠግኖ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ያገኙታል። ጠንቋይ በጠገነችው መረብ የወጣ ዓሣ አንዳቸውንም አንቆ አያውቅም።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የወደቡ መንገድ ላይ ልጇንና የልጅ ልጇን አገኘቻቸው። የልጅቷ ግራ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከወገቧ ጋር ታስሯል።

«ምን ሆና ነው? ተቃጠለች?»

«አይ» አለች ልጇ ዓይኗን ሰብራ። «ቀኟን እንድትለምድ ነው። አባቷ ነው ያሰራት።»

ግራ ቋጠሮ ጎንበስ ብላ የጨርቁን ቋጠሮ አየችው። ወደ ቀኝ የዞረ ነበር። ይሄኛው ግን አልላላም።

ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ወደብ ወርዳ ገመዱን በተቀመጡት ሰዎች ፊት ዘረጋችው። የልጇ ባል እዚያው ዓሣ ያጥባል።

«ይሄ መሃሉ ላይ ያለው የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ይሄ የላላው ጀልባዋን ያሰረው ነው፤ የቀኝ እጅ ሥራ። እዩት።»

አዩት። ገመድ ይዘው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የልጇ ባል ከዓሣው ቀና አላለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የጀልባ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ እነዚያ እኮ ቀኝ እጅም አላቸው» አለ።

አንዱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሁሉም እንደተገላገለ ሰው ሳቁ። ስድስት ዓመት በድለናታል ከማለት፣ እሷ ጠንቋይ ብትሆን ይቀላቸዋል።

በማግስቱ አራት መረብ በአጥሩ ላይ ተወረወረ። ሦስቱን ጠገነች። አራተኛውን አገላብጣ የማን እንደሆነ ከቋጠሮው ለየችና ከነቀዳዳው ሰቀለችው።

«እማዬ» አለች ልጇ ከአጥሩ ውጭ፣ «የእኛ አልተጠገነም እኮ።»

«የልጅቷን እጅ ፈትቶ ይምጣ በይው። ቋጠሮው ሲፈታ አይቼለታለሁ።»

የልጇ ባል አልመጣም። መረቡ ሳምንት ሙሉ አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ቆየ።