ለሻሽ የተያዘ መረብ

ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ሰሞን ሰዉ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሸሽቶ፣ ዘመድ ያለው ከዘመዱ፣ የሌለው እንግዳ ነኝ ብሎ ተጠግቶ ነበር። ዓሣ አስጋሪው ኡበይድም ከአባቱ የወረሰውን መረብ ብቻ ተሸክሞ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ከያዘው ላይ ለሚወዳት ለኢንሳፍ ቤት ዓሣ ያደርሳል። እናቷ ሀጀራ እየመረቁ ይቀበሉታል፤ እሱም አገሩ ረገብ ሲል ሽማግሌ እልካለሁ እያለ ልቡን ያሞቃል።

ከሰዓት ወጣቶቹ ከጓደኛቸው ከኑርዬ በረት ጀርባ ምንጣፍ ዘርግተው ባቄላ እያስያዙ ፖከር የሚሉትን ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሌላው ሁሉ ካርታውን ጥሎ ኡበይድና ሙአዊያ ብቻ ቀሩ። ሙአዊያ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጥርሱ የማይከደን፣ ሴቱ ሁሉ የሚስቅለት። ባቄላው ሲያልቅበት ከኪሱ ሻሽ አውጥቶ መሃል ላይ ጣለ። ዳሩ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ የኢንሳፍ የእጅ ሥራ።

የኡበይድ ደም ራሱ ላይ ወጣ። ምን ብላ ሰጠችው? መቼ? የት ቆመው? እጁ ላይ ያለው ጥንድ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለ ጥንድ ሁሉ ይበላዋል። ሙአዊያ ደግሞ አንድ ካርታ ብቻ ነው የቀየረው፤ ደህና ነገር ባይዝ ኖሮ ብዙ ይቀይር ነበር። ልቡ ጣልና ውጣ ይለዋል፤ ዓይኑ ግን ከሻሹ አልነቀል አለ። ጥሎ ቢወጣ ያ ሻሽ ተመልሶ እዚያ ኪስ ሊገባ ነው። ተነሳና ከአጥሩ ላይ መረቡን አውርዶ ምንጣፉ ላይ ጫነው።

«አንተ፣ የአባትህን?» አለው ኑርዬ።

ሙአዊያ መረቡንም ሰውየውንም አየና ካርታውን ደፍቶ ሳቀ። «ውሰደው ወንድሜ። ለጨርቅ መረብ ከሚያስይዝ ሰው ጋር አልጫወትም።»

ኡበይድ አሸነፈ። ግን እሱ መረቡን የጣለለትን ነገር ያኛው እየሳቀ መተዉ እንደ እሾህ ተሰካበት።

በማግስቱ ከሌላው ቀን የበለጠ ዓሣ ይዞ፣ ሻሹን ከላይ አድርጎ ሄደ። ወሬው ቀድሞታል። ኢንሳፍ በር ላይ ጠብቃ፣ እናቷ ዓሣውን አልቀበልም ማለታቸውን ነገረችው። ቁማር ላይ የዋለ መረብ ያወጣውን ቢስሚላህ ብለን አንበላም ብለዋል።

«ሻሹንስ ለሱ ለምን ሰጠሽው?» አላት፤ ዓሣውን ረስቶ።

«አባቴን ከከተማ በባጃጁ ሲያወጣልን መዳፉ ቆስሎ ነበር፤ በሻሹ አሰርኩለት። መልስለት።»

ኡበይድ ቁልቁል ወረደ። ሙአዊያ ባጃጁን እያጠበ ነበር፤ ሻሹን ሲቀበለው መዳፉ ላይ ጠባሳው ታየ። ኡበይድ በዚያች ጠባሳ እንኳ ቀና።