በየት በር ወጣ?

ባለፈው ሰኔ የእህቴ ልጅ ሕይወት ስትመረቅ ቤተሰቡ ሁሉ ባሕር ዳር ከአንድ ሰፊ አዳራሽ ገባን። እሷ ከፊት ያስያዘችልኝን ወንበር ትቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ምሳ ላይ፣ «አክስቴ፣ አዳራሽ በገባን ቁጥር በር በር የምትዪው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ሙቀት አልችልም አልኋት። ዋሽቻት ነው።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ በከተማችን በባሕር ዳር፣ በትልቁ የሕዝብ አዳራሽ ትኬት እየቆረጥሁ ሰው እንዳስቀምጥ ተቀጠርሁ። ስብሰባም፣ ቴያትርም፣ ፊልምም እዚያው ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። የፋብሪካ ሸማኔዎች ከፈረቃ ወጥተው የጥጥ ብናኝ ጠጉራቸው ላይ እንዳለ ይመጣሉ። መምህራን ሚስቶቻቸውን አስከትለው፣ ሽቶ ተቀብተው ይመጣሉ። ከሐይቁ ማዶ የመጡ እንግዶች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ይመስል ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ያወልቁና መብራቱ ሲጠፋ ያማትባሉ። እኔ አልስቅባቸውም፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን አማትቤያለሁ።

ዘመኑ ግን የብሔራዊ ውትድርና፣ የአፈሳ ዘመን ነበር። ልጅ ያላት እናት ሁሉ መንገድ መንገድ የምታይበት ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ በነጻ ፊልም ይታያል ተባለ። ትኬቱ በየቀበሌው፣ በተለይ ለወጣቶች ታደለ። ቀኑ ሐይቁ እንደ ዘይት የረጋበት፣ አየሩ የማይነቃነቅበት ቀን ነበር። ከዳር የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ እስከ አዳራሹ ይደርስ ነበር። ከበር ጠባቂያችን ከጋሽ በላይ ጋር ምሳችንን አብረን ነበር የምንበላ፤ ያን ቀን ዓሣውን ሎሚ ጨምቀው ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

«አሞዎት ነው?» አልኋቸው።

«የኋላውን በር በሰንሰለት እሰረው ተባልሁ።»

«ለምን?»

«ለምን ብሎ መጠየቅ ቀርቷል፣ ልጄ።»

ቀጥሎ የአዳራሹ ኃላፊ መጡና ሴትና ሽማግሌ ፎቅ፣ ወጣት ወንድ ምድር ቤት፣ ከፊት ረድፍ ጀምሬ እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። ፎቁን ልወለውል ወጥቼ በመስኮት ወደ ጓሮ ስመለከት፣ ከዛፎቹ ሥር ሸራ የለበሱ አራት የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ወታደሮቹ ጥላው ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ሰዓቱ ስለ ደረሰ ወረድሁ፤ በሩ ላይ ቆምሁ።

መጀመሪያ የመጣው ሰሎሞን ነበር፤ ግሽ አባይ ሰፈር ጎረቤታችን የሆነ የፋብሪካ ሸማኔ። ሦስት ጓደኞቹ ተከትለውታል።

«ሞልቷል፣ ሂዱ» አልሁት።

«ባዶ ወንበር በዓይኔ እያየሁ?»

«ሞልቷል አልሁህ።»

«ለዘመድሽ ልትይዢ ነው። ትንሽ ወንበር ሲሰጧችሁ ሰው ትረሳላችሁ» አለና ጓደኞቹን ይዞ፣ በንዴት ጠጠሩን እየረገጠ ሄደ። ስድቡ ደስ አለኝ። ከእሱ በኋላ የማውቃቸውን ሌሎች ሦስት ወይም አራት ልጆች እንዲሁ መለስሁ። ከዚያ ኃላፊው መጥተው ከትከሻዬ አጠገብ ቆሙ።

«ሰው ለምን ይመለሳል?»

«ትኬት የሌላቸው ናቸው፣ ጌታዬ።»

ሲጋራቸውን አቀጣጠሉና ከዚያ አልተነቃነቁም።

አንድ ወጣት ዲያቆን መጣ። ነጠላውን አጣፍቷል፤ እግሩን ሐይቁ ላይ ታጥቦ እርጥብ አሸዋ ይዞት ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ በጀልባ አጎቱን ሊጠይቅ እንደ መጣ፣ ትኬቱንም አጎቱ እንደ ሰጠው ነገረን።

«እህቴ፣ ምስሉ የሚንቀሳቀስ እዚህ ነው?»

«አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አይፈቀድልህም» አልሁት።

«አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል» አለ በኩራት።

ኃላፊው ሳቁ። «አስገቢው እንጂ፣ እንግዳ አይደል!»

በዓይኔ ልነግረው ሞከርሁ። አፍሬ መስሎት ፈገግ አለልኝ። ትኬቱን ቀደድሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥሁት።

ፊልሙ የመርከብ ታሪክ ነበር። ማዕበሉ ሲነሣ ከታች የልጆቹ ሳቅና ፉጨት ይሰማ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄደ መብራቱ በራ። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። እናቶችና ሽማግሌዎች በሰላም ይውጡ፣ ወጣቶች ባሉበት ይቆዩ አለ። ሰው ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ማንም አልጮኸም። የሚሰማው የሚታጠፈው ወንበር ድምፅ ብቻ ነበር። ሰንሰለቱ ተፈትቶ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በኋላው በር አወጧቸው። ሴቶቹን ላስወጣ ከፎቅ ወርጄ ነበርና፣ ዲያቆኑ አጠገቤ ሲደርስ፣ «ፊልሙ አላለቀም አይደል?» አለኝ።

«አላለቀም» አልሁት።

በሳምንቱ እናቱ በጀልባ መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ በዚህ በር ገባ አሉኝ። በየት በር ወጣ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ በላይ እኔን ያያሉ። ኃላፊው ከውስጥ ይሰማሉ።

«አላየሁም፣ እማማ» አልሁ።

ሴትዮዋ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረዱ።

መንግሥት ተለውጦ፣ ወታደሩ ሁሉ እየተበተነ ሲመለስ፣ ቁንዝላ ሄድሁ። ሰው ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ደጃቸው ላይ በርበሬ ያሰጡ ነበር። ልጃቸው አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣላቸውም። ትኬቱን የቀደድሁት እኔ ነኝ፣ የወጣውም በኋላው በር ነው፣ አይቼዋለሁ አልኋቸው። በርበሬውን በመዳፋቸው አገላበጡት።

«ምን ነበር የሚያይ?» አሉኝ።

መርከቡን ነገርኋቸው፤ ውኃውን፣ ማዕበሉን።

«ውኃ?» አሉ። ቀና ብለው ጣናን አዩት። «ውኃማ ከደጁ ነበር።»

አልረገሙኝም፤ ይቅር ብየሻለሁም አላሉኝም። ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፤ ጀልባው እስኪነሣ አብረን በርበሬ ስንለቅም ቆየን።

ከምርቃቱ ማግስት ሕይወትን ጠርቼ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ሰማችኝና፣ «ታዲያ ኃላፊው አጠገብሽ ቆሞ ምን ማድረግ ትችዪ ነበር?» አለችኝ። ለምን እንደ መለስሁት ኋላ የገባው ሰሎሞንም ባገኘኝ ቁጥር የሚለኝ ይኸንኑ ነው። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ምን ማድረግ እችል እንደነበር አውቃለሁ። «ትኬትህ የትናንት ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር። ከቁንዝላ የመጣ ልጅ የትኬት ቀን አያጣራም፤ ኃላፊውም ለአንድ ዲያቆን ብለው ትኬቱን ተቀብለው አያዩም ነበር። ይህች ቃል ወደ አፌ የመጣችው ልጁ ከተወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ ልብስ ሳጥብ ነው።